የማክሰኞ አሸዋ

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጎተንበርግ ይመሻል፤
የወደቡ ነፋስ የመስኮቱን መስታወት ይልሳል።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ፣
ጫማ ወልቆ ይቀራል ከደጃፍ።

እኔ ዳር ያለው ወንበር ነኝ፤ አስተርጓሚ፤
በሰዓት የሚከፈለው አፍ፣ በሰዓት የሚከፈለው ሰሚ።
ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ከእናቲቱ ጀርባ፣ ትንሽ ራቅ ብለህ፣
የሰማኸውን በል እንጂ አትጨምርበት ከልብህ፤
እሷ «እኔ» ስትል፣ አንተም «እኔ» ትላለህ።

ስለዚህ በየማክሰኞው እናት እሆናለሁ፦
«ሌሊት አይተኛም፤ እኔም ቁጭ ብዬ አድራለሁ።»
ወዲያው ደግሞ ሐኪሟ ጉኒላ ነኝ፦ «እሰማሻለሁ።»
ሁለት ሴቶች በአፌ ሲወጡ ሲገቡ፣
የራሴ «እኔ» ውጭ ተሰቅሏል፣ ከካፖርቴ ጋር፣ ከነዝናቡ።

ልጁ ዮፍታሔ ነው፤ ስድስት ዓመቱ።
ስሙ ይከፍታል ማለት ነው፤ ያወጣለት አባቱ።
«አስቸጋሪ ልጅ» ይላል ከትምህርት ቤት የተላከው ወረቀት፤
ያንንም ተርጉሜዋለሁ፤ ፊቷን ሳላይ፣ በፍጥነት፤
ደወል ሲጮህ ከጠረጴዛ ሥር መግባቱን፣
ሊያወጣው የመጣውን እጅ መንከሱን።

እዚህ ግን ማንም አይጎትተውም።
አሸዋ የሞላው ሰማያዊ ሣጥን፣ መደርደሪያው ላይ አሻንጉሊት፦
አጥር፣ መርከብ፣ አምቡላንስ፣ ጅብ፣ ንግሥት።
እሱ የሚያነሣው አንዱን ብቻ፤ ሦስት እግር የቀረው ቡናማ ፈረስ።
ይቀብረዋል፤ ያወጣዋል፤ ይቀብረዋል፣ ሰዓቱ እስኪደርስ።
ጉኒላ ወለሉ ላይ፣ በካልሲ፣ «ገባ» ትላለች። «ወጣ» ትላለች።
እኔም ለእናቲቱ፦ ገባ። ወጣ።
እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራ ትላለች።

በኅዳር አንድ ቀን ትርንጎ አንገቷን ደፋች፤
«በሁለት ዓመቱ ይዘፍን ነበር፣ ቤቱ እስኪሞላ» አለች፤
«ዐይን በላብኝ።»

ዐይን በላብኝ።
ይሄ በየት በኩል ይሻገራል? ድልድዩስ የቱ ጋ ነው?
ደንቡን ፈራሁና እንዳለ አወረድኩት፦ ዐይን። በላው።
ጉኒላ ብዕሯን አነሣች፤ አክብራ ጻፈች፤
በሳምንቱ ደብዳቤ ደረሰ፦ ለዐይን ምርመራ፣ ቀጠሮ ይዛ ላከች።

ልጁ ዐይኑ ደኅና ነው። ከኔ ይልቅ ያያል።
ትርንጎ ደብዳቤውን አራት አጥፋ ቦርሳዋ ከተተች፤
«ምን ያድርጉ፣ የሰጠኋቸውን ነው የጻፉት» አለች።
የሰጠኋቸውስ እኔ ነበርኩ።
ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ደግሜ ተረጎምኩት፦
ፈርቻለሁ ማለቷ ነው።
አንድ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሰውም አየኝ ማለቷ ነው።
ጠግቤ ሳላየው ሄደብኝ ማለቷ ነው።
ማን ጠይቆኝ።

የካቲት ገባ። በረዶው ጠቁሮ፣ መንገዱ ጨው በጨው።
ዮፍታሔ አንድ ማክሰኞ ፈረሱን ሳይቀብረው
ይዞት ተነሣ። ጉኒላን አለፈ፤ እናቱን አለፈ፤
ዳር ያለው ወንበር ዘንድ ሲደርስ አረፈ።
ጉልበቴ ላይ አቆመው። ወደቀ። አቆመው። ወደቀ።
ከዚያ አውራ ጣቴን ያዘ፣ እንደ ዕቃ፣ ፊቴን ሳያይ፣
በጎደለው እግር ቦታ አስደገፈው፤ ፈረሱም ቆመ፣ ጣቴ ላይ።

አንድ ነገር አለ። «እም» ይሁን «እን»፣
ወይ መተንፈሱም ይሆን።

«ምን አለ?» አለች ጉኒላ፣ በሷ ቋንቋ።
«ምን አለ?» አለች ትርንጎ፣ በኛ ቋንቋ።
ሁለቱም እኔን ያያሉ፤ በማን «እኔ» ልናገር?
«አላውቅም» አልኩ።
አንዴ ለዚህች፣ አንዴ ለዚያች፤
በዚያ ክፍል ውስጥ ያልኩት የራሴ ነገር
እሱ ብቻ ነበር።

ሰዓቱ አልቋል፤ ኮሪደሩ ላይ ሌላ ቤተሰብ
ከጫማው በረዶ ያራግፋል።
አውራ ጣቴ ደንዝዟል።
አላነሣሁትም።